ቤት ሲመታ ምሥጢር እንዳይፋለስ

ልጄ፤

ባለፈው እሑድ ማታ ደውለሽ፣ «ጋሼ፣ የቁምስናችንን መዝሙር የምትመርጪው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ ግጥሞቹን ሳነብ ግን አንዳንዶቹ ከበዱኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ስትዪኝ ወዲያው አልመለስኩልሽም። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ ነው። አንቺ እዚሁ አሜሪካ ተወልደሽ በእንግሊዝኛው ቅዳሴ እየዘመርሽ አደግሽ፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከእኛ ጋር በግዕዙ ሥርዓት ታስቀድሻለሽ። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ በሁለቱም በኩል ቆሜ ዘምሬአለሁ። ያየሁትንና የተሳሳትኩትን በቁጥር አድርጌ ጽፌልሻለሁ። ቁጥሩ ለመያዝ እንዲመችሽ ነው እንጂ ሁሉም እኩል አይመዝንም፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደጋግመሽ አንብቢልኝ። ዓመታቱን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. የያዝሽው የማስተማር ሥራ መሆኑን እወቂ።

የእሑዱን ስብከት ሐሙስ ላይ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። መዝሙሩ ግን አብሮ ቤት ይገባል፤ እናት ሽንኩርት ስትከትፍ ታንጎራጉረዋለች፣ ሕፃን ትርጉሙን ሳያውቅ ይደግመዋል፣ የታመመ ሰው ሌላው ሁሉ ሲጠፋው እርሱ ይቀርለታል። ይህን ኃይል ስሕተት ያስተማሩ ሰዎች ገና ከጥንት ያውቁት ነበር። በኤዴሳ የነበረው ባርዳይሳን ትምህርቱን ያሰራጨው በ150 መዝሙሮች እንደነበር ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ጽፎልናል። አርዮስም ክርስቶስን ፍጡር የሚያደርገውን ትምህርቱን በዜማ አድርጎ ለመርከበኞች፣ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞች ሰጥቶ ነበር። ኤፍሬም ታዲያ በክርክር ብቻ አልመለሰም። ትክክለኛውን ሃይማኖት የያዘ መዝሙር ደረሰ፤ ሴቶችንም ሰብስቦ መዘምራን አደረጋቸው። በ373 አረፈ፤ በ1920 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ቤኔዲክቶስ 15ኛ የቤተክርስቲያን መምህር ብለው ሰየሙት። በእኛ ትውፊት ውዳሴ ማርያምን የደረሰው እርሱ ነው፤ አያትሽ ማለዳ ማለዳ ሲደግሙት የሰማሽው ማለቴ ነው። የመዝሙር ዝርዝር ይዘሽ ስትቀመጪ የተቀመጥሽው እነዚያ የኤዴሳ ሴቶች በቆሙበት ቦታ ነው።

2. ግጥሙን ከዜማው ለይተሽ፣ እንደ ደብዳቤ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ለማኅበራችን አንድ የቁርባን መዝሙር በአማርኛ ደረስኩ። አንዱ ስንኝ «በረከት» ላይ አለቀ። ቤት የሚመታልኝ ቃል ስፈልግ «ምልክት» መጣልኝና ሥጋ ወደሙን የፍቅሩ ምልክት ብዬ ዘጋሁት። ዜማው ለጆሮ ይጥም ነበር። ሕዝቡ ወደደው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም በቃሉ ያዘው።

ከወር በኋላ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያደጉ አንድ አረጋዊ ካህን ጠሩኝ። «ልጄ፣ ግጥምህ ቤት ይመታል፤ ምሥጢር ግን ያፋልሳል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሳቆርብህ ምን ብዬ እሰጥሃለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። «የክርስቶስ ሥጋ ብለው» አልኳቸው። «አንተስ ምን ትላለህ?» «አሜን» እላለሁ አልኩ። «ታዲያ አሜን ብለህ ተቀብለህ፣ አሥር እርምጃ ተራምደህ ወንበርህ ጋ ስትደርስ ‹ምልክት ነው› ብለህ ትዘምራለህ። የትኛውን ነው የምታምነው?»

እኔም ተከራከርኩ። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ራሱ ምሥጢራትን ምልክት ይላቸው የለም ወይ አልኩ። እርሳቸውም አልተቆጡም። «ልክ ነህ፤ ይላቸዋል። ነገር ግን የመንገድ ምልክት ደሴን ያመለክታል እንጂ ደሴ እዚያ ምልክቱ ውስጥ የለችም። ይህ ግን የሚያመለክተውን ራሱን የያዘ ነው። አንተ በአንድ ስንኝ ይህን ሁሉ መግለጽ ካልቻልክ፣ ግማሹን ብቻ ለሕዝብ አታዘምር» አሉኝ። ከዚያም ስለ ቅኔ ቤት አጫወቱኝ። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመጀመሪያ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ያርማል፤ ሰዋስው የሳተውን፣ ምሥጢር ያፋለሰውን ይነግረዋል። «አንተ ግን ለማንም ሳታሰማ በቀጥታ ሕዝብ አፍ ውስጥ አስገባኸው» አሉኝ።

ስንኙን ያረምኩት በዚያው ሌሊት ነው። ከሕዝቡ አፍ ለማውጣት ግን ዓመታት ፈጀ። ከኋላ የሚቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች እስኪያርፉ ድረስ የድሮውን ቃል ዘመሩ፤ ያንን በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይቃጠል ነበር። ስለዚህ ዜማ ጥሩ ዳኛ አይደለም። ዜማውን አውጪና ቃሉን ብቻ አንብቢ፤ ካህን ይህንኑ ከመንበሩ ፊት ቆሞ ቢናገረው «ልክ ነው» የምትዪ ከሆነ ያዢው።

3. ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚዘመረውን በአንድ መዝሙር ሳይሆን በዓመቱ መዝኚው።

በ2020 ታኅሣሥ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የትምህርተ ሃይማኖት ኮሚቴ የመዝሙር ግጥሞችን ለመመዘን የሚረዳ አጭር ጽሑፍ አውጥቷል። አንቺም የሰማሽው እርሱን ይመስለኛል። ሚዛኑ ሁለት ነው፦ ግጥሙ ከካቶሊክ ትምህርት ጋር ይስማማል ወይ? ምሳሌውና ቃሉስ ከመጽሐፍ ቅዱስና ቤተክርስቲያን በአደባባይ ከምትጸልየው ጸሎት ጋር ይመሳሰላል ወይ? ይህ አዲስ ሕግ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ በ121ኛው አንቀጽ ያስቀመጠው ነው። ኮሚቴው ስሕተት የሚበዛባቸውን ስድስት ቦታዎች ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያነሣው ቅዱስ ቁርባንን ነው።

በምሳሌነት ከተጠቀሱት አንዱ ተንበርክከን በአንድነት ኅብስት እንቁረስ የሚለው የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙር ነው። ስሙን እዚያ ሳየው አዝኜ ነበር፤ መከራ የወለደው መዝሙር ስለሆነ እስከ ዛሬ ስሰማው እንባዬ ይመጣል። ነገሩን ሳስበው ግን ኮሚቴው ትክክል ነው። ከቡራኬው በኋላ፣ ሕዝብ ለመቁረብ ተሰልፎ ሳለ፣ የምንቀበለው ኅብስትና ወይን ብቻ እንደሆነ አድርጎ መዘመር እምነታችን አይደለም። መዝሙሩን ከቤትሽ አታስወጪው፤ ከዚያች ሰዓት ግን አንሺው።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚሰጠን አንድ ዕድል አለ። እንግሊዝኛ ለሁሉም ያለው አንድ ቃል ነው። እኛ ዳቦ ቤት የሚሸጠውን ዳቦ፣ ምጣድ ላይ የሚጋገረውን እንጀራ፣ ለመሥዋዕት የሚቀርበውን ኅብስት እንለዋለን፤ ከተቀደሰ በኋላ ደግሞ ሥጋ ወደሙ ነው። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ዛሬ ቤተክርስቲያን ሄጄ ዳቦ ተካፈልኩ» አይልም፤ «ቆረብኩ» ይላል። በእንግሊዝኛው ግጥም ውስጥ የተደበቀው ነገር ወደ አማርኛ ስትመልሺው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥርጣሬ የገባሽን ግጥም ሁሉ ተርጉሚውና የትኛውን ቃል እንደምትመርጪ እዪ። «ዳቦ» ካልሆነ በቀር አልመለስ ያለሽ ግጥም ለቁርባን ሰዓት አይሆንም።

ሆኖም «እንጀራ» ያለውን ሁሉ ስሕተት አትበዪ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ ራሱን የሕይወት እንጀራ ብሏል። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ኅብስቱን ኅብስት ይለዋል፤ ግን ወዲያው ከክርስቶስ ሥጋ ጋር ኅብረት መሆኑን ይናገራል። ከሰማይ የወረደ፣ ሕይወት የሚሰጥ የሚል ቃል አብሮት ካለ እንጀራው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ችግሩ ማዕድ፣ ጓደኛ፣ መካፈል ብቻ ብሎ የሚያበቃው ነው።

አንድ እንዲህ ያለ መዝሙር ምንም አይጎዳም። በ52 እሑዶች የተዘመሩት የቁርባን መዝሙሮች ሁሉ እንዲህ ከሆኑ ግን ሕዝቡ ሌላ ሃይማኖት ተምሯል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ዝርዝር አውጪና በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ጻፊ፦ የምንቀበለው ማን እንደሆነ ይናገራል? የመስቀሉን መሥዋዕት ያነሣል? ስግደት አለበት? ባዶው ቦታ ሲበዛ ራስሽ ታዪዋለሽ። በ2019 ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ባወጣው መጠይቅ፣ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናሉ ብለው የመለሱት የአሜሪካ ካቶሊኮች 31 ከመቶ ነበሩ። ይህን ሁሉ መዝሙር አመጣው አልልም፤ ትምህርተ ክርስቶስ ደክሟል፣ ስብከትም ደክሟል። ግን አርባ ዓመት የዘመርነው ነገር እጁ የለበትም ማለትም አልችልም። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። በ1264 ር.ሊ.ጳ. ኡርባኖስ 4ኛ የሥጋ ወደሙን በዓል ሲያውጁ ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ለዚያ በዓል የደረሳቸው መዝሙሮች በጥሩ የእንግሊዝኛ ትርጉም በእጅሽ ባለው መጽሐፍ ውስጥ አሉ። በወር አንድ ጊዜ እንኳ ይዘመሩ።

4. የሥላሴን ስም አትለውጪ።

በአንዳንድ አዳዲስ ግጥሞች «አብ» እና «ወልድ» የወንድ ስሞች ናቸው ተብሎ «ፈጣሪ፣ ቤዛ፣ ቀዳሽ» በሚሉ ቃላት ተተክተዋል። ያደረጉት ሰዎች ማንንም ላለማስከፋት ብለው ነው፤ ክፋት አስበው አይመስለኝም። ግን ፈጣሪነት ሥራ ነው፤ አብ ደግሞ ስም ነው። ዓለም ሳይፈጠርም አብ አብ ነበር፣ ወልድም ወልድ ነበር። ደግሞስ የፈጠረው አብ ብቻ ነው ወይ? ሦስቱ በአንድነት ፈጠሩ እንላለን። በ2008 በሮም የእምነት ትምህርት ጉባኤ በእነዚህ ቃላት የተፈጸመ ጥምቀት ጥምቀት እንዳልሆነ፣ የተጠመቀውም እንደገና መጠመቅ እንዳለበት ወስኗል። ሰው የማይጠመቅበትን ስም እኛ በመዝሙር መግቢያ ላይ ለምን እናደርገዋለን?

በዚያው በ2008 ሌላ ደብዳቤ ወጥቶ ነበር። አይሁድ በአክብሮት የማይጠሩት ባለ አራት ፊደሉ የእግዚአብሔር ስም በሥርዓተ አምልኮ ውስጥ እንዳይጠራና እንዳይዘመር የሚያዝ ነው። ዳን ሹቲ የደረሰውና በየቁምስናው የሚዘመረው «ዩ አር ኒር» በዚህ ምክንያት ቃሉ ተለወጠ። የድሮው መጽሐፍ በመሳቢያችሁ ካለ አረጋግጪ። አይሁድ «አዶናይ» ብለው፣ ሰባው ሊቃውንት «ኪርዮስ» ብለው ያለፉትን እኛም «እግዚአብሔር» ብለን ስንጠራ ኖረናል።

5. በመዝሙሩ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደሆነ ጠይቂ።

የሴንት ሉዊስ ኢየሱሳውያን የተባሉት ደራሲዎች በ1970ዎቹ ካወጧቸው መዝሙሮች መካከል እግዚአብሔር ራሱ በአንደኛ መደብ የሚናገርባቸው አሉ። ሕዝብ እንዴት በእግዚአብሔር አፍ ይዘምራል ብለው የሚቆጡ አሉ። እኔ አልስማማም። በግዕዙ ቁጥር መዝሙረ ዳዊት 90ን እስከ መጨረሻው ድገሚው፤ ሲያልቅ ተናጋሪው እግዚአብሔር ነው፤ እኛም በአፋችን እንለዋለን። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «እኛ» የሚበዛበት ነው። እኛ ተሰበሰብን፣ እኛ ተቀበልን፣ እኛ ብርሃን ነን እያለ ሄዶ ሄዶ እግዚአብሔርን ሳይጠራ የሚያልቅ ግጥም አለ። እርሳስ ይዘሽ «እኛ» እና «አንተ» የሚሉትን ቁጠሪ።

6. ቤተክርስቲያንን እኛ አልሠራናትም።

«ሲንግ አ ኒው ቸርች» የተባለው መዝሙር በጳጳሳቱ ጽሑፍ የተነሣው አዲስ ቤተክርስቲያን በዝማሬያችን እንደምናመጣ ስለሚመስል ነው። ቤተክርስቲያን መታደስ አለባት፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ብሎታል። ግን የምትታደሰው ከክርስቶስ ጎን የተወለደችው ያቺው ናት። በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም።

7. ስለ አይሁድ ሕዝብ የሚነገረውን በጥንቃቄ እዪ።

ሲድኒ ካርተር የተባለው እንግሊዛዊ በ1963 የጻፈው «ሎርድ ኦፍ ዘ ዳንስ» በዐቢይ ጾምና በፋሲካ የሚወደድ ነው፤ ዜማው ሼከሮች ከተባሉት ክርስቲያኖች አንድ የቆየ መዝሙር የተወሰደ ነው፣ ልጆች እያጨበጨቡ ይዘምሩታል። ነገር ግን ጌታን የገደሉት የሃይማኖት ሰዎች፣ ማለት አይሁድ በጅምላ እንደሆኑ ያስመስላል፤ ኮሚቴውም በዚህ ምክንያት ጠቅሶታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአውሮፓ ከስቅለት ዓርብ ጸሎት ወጥተው አይሁድን የደበደቡ ሰዎች ነበሩ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ በ1959 ከዚያ ጸሎት ላይ አይሁድን የሚነቅፈውን ቃል አስወጡ፤ በ1965 የቫቲካን ጉባኤው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫ በዚያን ጊዜ የነበሩትንም ሆነ የዛሬዎቹን አይሁድ ሁሉ በጌታ ሞት መክሰስ እንደማይገባ አስታወቀ። ጌታን የሰቀለው የእኔ ኃጢአት ነው። መዝሙሩ ጣቱን ወደ ሌላ ሰው ከቀሰረ ለስቅለት አይሆንም።

8. ደራሲው ማን ነው ብለሽ አትፍረጂ።

የፕሮቴስታንት ግጥም ሁሉ መርዝ አይደለም፣ የካቶሊክ ደራሲ ግጥም ሁሉም ንጹሕ አይደለም። በ1779 የታተመውን «አሜዚንግ ግሬስ»ን እንውሰድ። የጻፈው ጆን ኒውተን የባሪያ ንግድ መርከብ አለቃ የነበረ፣ በኋላ የአንግሊካን ካህን የሆነ ሰው ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች ራሱን እጅግ ያዋረደበትን ቃል አለስልሰውታል። እኔ እንደ ኒውተን ራሱን የሚያይ ሰው ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ማለስለሱ ነው የሚያሳስበኝ። ሌሎች ደግሞ ጸጋ ሰው ካመነ በኋላ የሚመጣ ያስመስላል ይላሉ። እኛ ግን ከ529ኙ የኦራንዥ ጉባኤ ጀምሮ ጸጋ እምነትን ይቀድማል እንላለን። ግጥሙን በሙሉ ያነበበ ግን ልቡን ፈሪሃ እግዚአብሔር ያስተማረው ያው ጸጋ እንደሆነ ያገኛል። አንድ ስንኝ ነጥለሽ አትፍረጂ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

9. የእኛን የአማርኛ መዝሙሮችም በዚያው ሚዛን መዝኚ።

በግዕዙ ሥርዓት የሕዝቡ ቃል በቅዳሴው ውስጥ ተሰፍሮ አለ፤ ሊቃውንት ያረሙት ስለሆነ ያስተማምናል። አደጋው በዳር የሚጨመረው ነው። በስልክሽ የምትሰሚያቸው የአማርኛ መዝሙሮች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ «እኔና አንተ ብቻ» ብለው ቤተክርስቲያንንም ምሥጢራትንም ይዘላሉ። በሌላ በኩል ስለ እመቤታችን ስንዘምር ከፍቅር ብዛት የልጇን ሥራ ለእርሷ የሚሰጥ ግጥም አጋጥሞኛል። አማላጅነቷ ከልጇ የመጣ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስብ መዝሙር ምረጪ። ያን ጊዜ እርሷም ትከብራለች።

10. ስታርሚ በቀስታ አርሚ።

ሥልጣኑ የአንቺ አይደለም፤ በመጨረሻ የጳጳሱ ነው፣ በቁምስናው ደግሞ የቆሞሱ። ያሳሰበሽን ጻፊና ለካህኑ ስጪ። «ይህ መዝሙር ተከለከለ» ብለሽ ማስታወቂያ አትለጥፊ፣ በልምምድ መካከልም ማንንም «ይህ ኑፋቄ ነው» አትበዪ፤ ኑፋቄ ከባድ ቃል ነው። ከፊትሽ የሚቆሙ አንዲት እናት ያንን መዝሙር የዘመሩት ባላቸው የተቀበሩ ቀን ሊሆን ይችላል። የተሻለውን አምጪና አለማምጂ። ልምምድ ላይ አምስት ደቂቃ ወስደሽ ስለ ግጥሙ አስረጂ። ደካማውን በዓመት አንድ፣ ከዚያም ሁለት እያልሽ ቀንሺው። እኔን ያረሙኝ ካህን ሕዝብ ፊት ቢነቅፉኝ ኖሮ ዳግመኛ አልደርስም ነበር፤ ለብቻዬ ጠርተው ስለነገሩኝ ግን ከዚያ በኋላ የደረስኩትን ሁሉ እስኪያርፉ ድረስ በመጀመሪያ ለእርሳቸው አሰማ ነበር። አንቺም እንዲህ ያለ ሰው ፈልጊ፤ ትምህርተ ሃይማኖት የሚያውቅና የማይፈራሽ።

እስክታገኚ ድረስ እኔ አለሁ። የዐቢይ ጾሙን ዝርዝር ከማሳተምሽ በፊት ላኪልኝ፤ ዜማውን ተዪው፣ ቃሉን ብቻ ላኪ።